የስኮፕ ማሰሪያ ኪት ገዝታችሁ ሪንግ መፋቅ ከመጀመራችሁ በፊት ይሄን አንብቡ

ሰላም ወገን። ይሄን የምጽፈው ጠመንጃው ላይ ስኮፕ (አጉልቶ የሚያሳይ ማነጣጠሪያ መነጽር) ራሱ ማሰር ለሚፈልግ ሰው ነው፣ በተለይ እንደኔ እዚህ ኮሎራዶ ሆናችሁ አደን የጀመራችሁ ካላችሁ። ባለፈው የካቲት አንድ የስኮፕ ማሰሪያና ማስተካከያ ኪት ገዛሁ፣ ያኔ ዋጋው ከ100 ዶላር ትንሽ ከፍ ይል ነበር፣ እስካሁን የራሴን ጠመንጃ ሁለቴ፣ የጓደኞቼን ደሞ ሦስት ጠመንጃ አስሬበታለሁ። የኩባንያውን ስም አልጠራም፣ ምክንያቱም ይሄን ኪት ከአንድ በላይ ኩባንያ ይሸጠዋል፣ ሳጥኑ ውስጥ የምታገኙት ዕቃም በጣም ተቀራራቢ ነው። እኔ ማለት የምፈልገው ስለ ዕቃው አሠራርና ሰው እንዴት ሊሳሳትበት እንደሚችል ነው፣ እኔ ተሳስቼበት አንድ ደህና ሪንግ (ስኮፑን ጠመንጃው ላይ ጨብጦ የሚይዘው ቀለበት) ከጥቅም ውጪ አርጌያለሁና።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው ይሄ ነው፣ አንድ ጫፋቸው የሾለ ሌላው ጫፋቸው ደልዳላ የሆነ ሁለት አጫጭር የብረት ዘንጎች፣ እጀታ ያለው ወፍራም መፋቂያ ዘንግ፣ አሸዋ የተቀላቀለበት ግሪስ የሚመስል መፋቂያ ፓስታ፣ ሁለት ትናንሽ ውሃ ልክ (አንዱ አፈሙዙ ማለትም በርሜሉ ላይ የሚታሰር፣ ሌላው ማግኔት ያለው) እና ብሎን የሚጠብቅበትን ጉልበት በኢንች ፓውንድ የሚለካ ቶርክ ካቻቢቴ ከነጥርሶቹ። ስትገዙ የስኮፓችሁን ቱቦ ውፍረት እዩ፣ ባለ 1 ኢንች አለ፣ ባለ 30 ሚሊ አለ፣ ባለ 34ም አለ፣ የአንዱ ዘንግ ለሌላው አይሆንም። እኔ የ1 ኢንቹን ነው የገዛሁት።

ለምን እንደገዛሁት ልንገራችሁ። ጠመንጃዬ ሬሚንግተን 700 ነው፣ በ308 ጥይት። በፈረንጅ ከ1962 ጀምሮ ሲሠራ የኖረ ሞዴል ስለሆነ ቤዙም (ሪንጎቹ የሚቀመጡበት ከስር ያለው ብረት) ሪንጉም ብሎኑም እንደልብ ይገኛል። ስኮፑን የገዛሁበት ሱቅ (ስሙ ይቅር) እዛው እናስርልህ አሉኝ፣ ሃያ ደቂቃ እንኳ አልፈጀባቸውም፣ ደስ ብሎኝ ይዤ ወጣሁ። መጀመሪያ ኦሮራ ቼሪ ክሪክ ያለው የተኩስ ሜዳ ወስጄ 100 ያርድ (91 ሜትር ገደማ) ላይ ስሞክር ጥይቱ ከኢላማው ወደ ቀኝ 29 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ አረፈ። ያው አዲስ ስኮፕ ነው ብዬ ማስተካከያውን ወደ ግራ አዞርኩት፣ አዞርኩት፣ 44 ክሊክ (ማስተካከያው ሲዞር ቀጭ የሚልበት እርከን) ሆነ። የኔ ስኮፕ አንድ ክሊኩ ሩብ ኤምኦኤ (የማዕዘን መለኪያ) ነው፣ አንድ ኤምኦኤ 100 ያርድ ላይ አንድ ኢንች ከትንሽ ስለሆነ 44 ክሊክ ማለት 11 ኤምኦኤ ማለት ነው። ያን ያህል ማዞር ሲያስፈልግ አንድ ነገር እንደተጣመመ መጠርጠር ነበረብኝ ግን ያኔ አላወቅኩም፣ መሃል ከገባልኝ በቃ ብዬ ነው የሄድኩት። ቀጥሎ አምስት ጥይት ስተኩስ አምስቱ ባንድ ላይ አልተሰበሰቡም፣ 5 ኢንች ያህል ተበታተኑ፣ በሳምንቱ ስመለስ ደሞ ጭራሽ ቦታ ቀይረው አገኘኋቸው።

5 ኢንች 100 ያርድ ላይ ማለት 300 ያርድ ላይ 15 ኢንች ማለት ነው። ጥቅምት ላይ ዋይት ሪቨር ጫካ ውስጥ ጧት በረዶው ሳይቀልጥ አንድ ትልቅ ወንድ ኤልክ (ትልቅ የአጋዘን ዘር) 280 ያርድ ገደማ ላይ ጎኑን ሰጥቶኝ ቆመ፣ የስኮፑ ማነጣጠሪያ መስቀል ትከሻው ላይ ነበር፣ እኔ ግን ቃታውን አልሳብኩትም። ጥይቱ የት እንደሚያርፍ አላውቅም እኮ። እንስሳ ሆዱን መትቶ አቁስሎ ጫካ ውስጥ እየማቀቀ እንዲሞት መልቀቅ ለኔ ከባድ ነገር ነው፣ ስለዚህ ዝም ብዬ አየሁት፣ ሄደ። ባዶ እጄን ቤቴ ገባሁ። ኤልክ ሰኮናው ስንጥቅ ነው፣ ያመሰኳል፣ ለኛ ሰው የሚበላ ሥጋ ነው፣ ቶሎ ደርሰን በስመ ሥላሴ ባርከን ብንበልተው ለስንት ቤተሰብ ይበቃ ነበር። ያን ቀን ነው ይሄን ነገር እኔው ራሴ ተምሬ አስራለሁ ብዬ የወሰንኩት።

አሁን ወደ ኪቱ። ከሁሉ በፊት ግን ጠመንጃውን ባዶ አርጉት፣ ጥይት የሚያጎርሰውን ቦልት አውጡና ሌላ ክፍል አስቀምጡት፣ ጥይቱ ደሞ ከነካርቶኑ እናንተ የምትሠሩበት ክፍል ውስጥ አይኑር። ይሄን ደጋግሜ የምለው ሥራው ላይ ስትመሰጡ ሰዓቱም ጥንቃቄውም ስለሚረሳ ነው።

ይሄ ሥራ ለምን ጥቃቅን ልክ እንደሚፈልግ በቁጥር ላሳያችሁ፣ እኔን ያሳመነኝ እሱ ነው። በኔ ጠመንጃ ላይ ከፊተኛው ሪንግ እስከ ኋለኛው 4 ኢንች ተኩል ነው። 100 ያርድ ደሞ 3600 ኢንች ነው። 3600ን ለ4.5 ስታካፍሉት 800 ይመጣል፣ ማለትም አንዱ ሪንግ ወደ ጎን አንዲት ነገር ከተዛባ ኢላማው ላይ 800 እጥፍ ሆና ትታያለች። አንድ ሺህኛ ኢንች (0.025 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከራስ ፀጉር የቀጠነ) 2 ሳንቲ ሜትር ትሆናለች። የኔ 29 ሳንቲ ሜትር ከየት እንደመጣ ወደ ኋላ ስታሰሉት 0.36 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ግማሽ ሚሊ እንኳ አይሞላም። በዓይን አይታይም፣ በጣትም አይዳሰስም።

እሺ፣ ዘንጎቹ። አሠራራቸው ቀላል ነው፣ ስኮፑን ታወጡና አንዱን ዘንግ ፊተኛው ሪንግ ላይ ሌላውን ኋለኛው ላይ አስራችሁ ሹል ሹላቸውን ፊት ለፊት ታገናኛላችሁ፣ ጫፍ ለጫፍ ከተገጣጠሙ ሪንጎቹ ተስተካክለዋል ይላል ከኪቱ ጋር የመጣው የአጠቃቀም ወረቀት። እኔም ጋራዥ ውስጥ አሰርኳቸው፣ ተገናኙ። እውነት ነው የምላችሁ መርፌና መርፌ ነው የሚመስሉት። ስለዚህ ትልቅ ችግር የለም፣ የቀረችውን ትንሽ ነገር ፍቄ አስተካክላለሁ ብዬ ቀጥታ ወደ መፋቂያው ሄድኩ።

መፋቁ ራሱ እንዴት እንደሆነ ላስረዳ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚፈራው እሱን ነው። የሪንጉን ውስጥ በጥቁር ማርከር ትቀቡታላችሁ፣ ፓስታውን ትቀቡና መፋቂያውን ዘንግ አስቀምጣችሁ ክዳኑን ቀለል አርጋችሁ ትዘጋላችሁ፣ ከዛ ወደፊት ወደኋላ ትንሽ ደሞ እያሽከረከራችሁ ትነዱታላችሁ። በየጥቂት ደቂቃው ጠርጋችሁ ስታዩ ጥቁሩ የለቀቀበት ቦታ ብረቱ ያበራል፣ እዛ ነው ዘንጉ የሚነካው። የኔ መጀመሪያ ላይ ፊተኛው ሪንግ በቀኝ ጠርዙ ብቻ፣ ኋለኛው ደሞ በግራ ጠርዙ ብቻ የጥፍር ስፋት በምታክል ቦታ ነበር የሚያበራው፣ ማለት ስኮፑ ሲታሰር በነዚህ ሁለት ጠርዞች ተጣሞ ነው የተያዘው። ቱቦው ላይም ቀጭን የግማሽ ጨረቃ ጭረት ነበረበት፣ ያን ሳይ ሆዴ ነው የተቆረጠው። ከሦስት አራተኛ በላይ እስኪያበራ ድረስ ፋቁ ነው የሚባለው፣ ከዛ አትለፉ፣ ካለፋችሁ ክዳኑና ታችኛው መሃል ያለችው ክፍተት ትዘጋና ብሎኑ ቢጠብቅም ስኮፑን የሚጨብጠው ነገር አይኖርም። እኔ አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀብኝ፣ አምሮ ነው የወጣው፣ ውስጡ እንደ ብር ነው ያበራ።

እሁድ ከቤተክርስቲያን በኋላ ሰፈራችን ያለ አንድ ትልቅ ሰው ቡና ሊጠጣ መጣ። አዲስ አበባ ሳለ ቶርኖ ቤት ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ የሠራ ሰው ነው፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። ጋራዡ ክፍት ስለነበር አየው። ጠመንጃ ብዙም አይወድም ግን ብረት ሲያይ ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም። ሹል ለሹል የተገናኙትን ዘንጎች አሳየሁት፣

«ይዩት ጋሼ፣ ልክ ነው አይደል?»

«ገልብጣቸው እስቲ።»

«ምኑን?»

«ዘንጎቹን ነዋ። ደልዳላው ከደልዳላው ይግጠም።»

ገለበጥኳቸው። ከኋላ በስልኬ መብራት ሳበራ በግራ በኩል ሁለቱ ፊቶች መሃል ቀጭን ብርሃን ታየ፣ ከላይ እስከታች፣ በቀኝ በኩል ግን ድፍን ነው። ሽብልቅ የመሰለ ክፍተት ነው የነበረው። ጋሼ ያስረዳኝ እንዲህ ነው፣ ሹል ጫፍ የሚነግርህ ሁለቱ መስመሮች አንድ ቦታ ላይ መገናኘታቸውን ብቻ ነው፣ ሁለት መንገድ መስቀለኛ ላይ ሲገናኝም እኮ ይገናኛል ግን አንድ መንገድ አይደለም፣ ዘንጎቹ አንዱ ወደዚህ አንዱ ወደዚያ ዘምመው ጫፋቸው ሊነካካ ይችላል። ደልዳላው ፊት ግን መዝመማቸውን ወዲያው ያሳብቃል። ይሄን ወረቀቱ ላይ አንድ ቃል አልጻፉትም። ዘንጎቹ ጥሩ ዕቃ ናቸው፣ አጠቃቀሙ ነው የጎደለው።

ቀጥሎ የጠየቀኝ ጥያቄ ነው ሁሉን ነገር የቀየረው። «ሪንጉ የተቀመጠበትን ከስር ያለውን ፈትተኸዋል?» አለኝ። ቤዙን ማለቱ ነው። አይ፣ እሱ ሱቅ ነው የታሰረው፣ ብሎኑም ጥብቅ ነው አልኩት። አውራ ጣቱን ፊተኛው ቤዝ ጎን ላይ አድርጎ ገፋ አረገው። ተንቀሳቀሰ። ብሎኖቹ ጥብቅ ናቸው፣ በካቻቢቴ ሞክሬያቸዋለሁ፣ ግን ቤዙ ተንቀሳቀሰ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

ፈታነው። የቤዝ ብሎኖች ርዝመታቸው ሁሉም እኩል አይደለም፣ በኔ ቤዝ የፊት የፊቱ አጭር ነው መሆን ያለበት ምክንያቱም ቀዳዳው ከስሩ የአፈሙዙ ጥርስ (አፈሙዙ ጠመንጃው ውስጥ የሚጠመዘዝበት) ላይ ነው የሚወርደው። የኔ ግን ለኋለኛው የተሠራው ረጅሙ ብሎን ነበር ፊት የገባው። ብሎኑ ወርዶ ወርዶ የአፈሙዙን ጥርስ ሲነካ ቆመ፣ ካቻቢቴው ላይ ያለው ሰው ጠበቀ ብሎ ተወው፣ ቤዙን ግን ገና አልጨበጠውም። ብሎኑን ሳወጣው ጫፉ ላይ የምስር ፍሬ የማታክል የተጨፈለቀች የምታብረቀርቅ ነጥብ ነበረችበት፣ እዛ ነው ሲጫን የኖረው። ቤዙ ስር ደሞ ፋብሪካ የቀባው ዘይት ደርቆ እንደ ቫርኒሽ ተጣብቋል፣ ማንም አልጠረገውም። ብሎኖቹ 6-48 የሚባሉ ናቸው፣ ውፍረታቸው 0.138 ኢንች፣ በአንድ ኢንች 48 ጥርስ፣ በጣም ቀጫጭን ናቸው፣ ቤዙ ላይ ያለው ቀዳዳ ከነሱ ትንሽ ሰፋ ስለሚል ያልተጨበጠ ቤዝ በዛች ክፍተት ውስጥ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ይዞራል። የኔ 0.36 ሚሊ ሜትር እዛ ውስጥ ነበረች። በየተኩሱ ትንሽ ትንሽ እየተንቀሳቀሰ ጥይቱን ሲበትነው የነበረውም እሱ ነው።

እንግዲህ የኔ ጥፋት ምን እንደሆነ ተረዱልኝ፣ ቤዙ ተጣሞ እያለ ሪንጉን ፋቅኩት። ማለት ሪንጉ ከጠማማው መስመር ጋር እንዲስማማ አርጌ ፋቅኩት። ቤዙ ሲቃና ሪንጉ ተራው ሆነና ጠማማ ሆነ፣ የተፋቀ ብረት ደሞ አይመለስም። ሪንግ ከተፋቀ ለዛ ጠመንጃ፣ ለዛ ቦታ ብቻ ነው የሚሆነው፣ እኔ ጋ ደሞ ለዛም አልሆነም። ጣልኩት። ለዚህ ነው ርዕሱን እንደዛ የጻፍኩት፣ መፋቅ የመጨረሻው ሥራ ነው፣ ከስር ተነስቶ ቤዝ፣ ከዛ ሪንግ፣ ከዛ ስኮፕ ነው መሄድ ያለበት። ኪቱ ግን በወረቀቱ ላይ ሥራውን ከሪንግ ይጀምረዋል፣ ስለ ቤዝ ፈትሹ የሚል ነገር የለውም፣ ይሄ ትልቅ ጉድለቱ ነው ብዬ ነው የማምነው፣ አንድ ገጽ ቢጨምሩበት ስንት ሰው ገንዘቡ ይተርፍ ነበር።

ሌላ ሁሉም ሰው ማወቅ ያለበት ነገር፣ ዘንጎቹ ሁለቱን ሪንግ እርስ በርስ ነው የሚያስተያዩት እንጂ ከአፈሙዙ ጋር አያስተያዩም። ሁለቱ ሪንግ ፍጹም አንድ መስመር ላይ ሆነው መስመሩ ራሱ ከአፈሙዙ ወደ ጎን ሊዘም ይችላል። ለሱ ምንም መግዛት አያስፈልግም፣ ቦልቱን አውጡና ጠመንጃውን አሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፋችሁ ከኋላ በአፈሙዙ ቀዳዳ ውስጥ እዩ፣ 25 ያርድ ላይ ያለ ክብ ነገር መሃል ላይ አስገቡት፣ ከዛ ጠመንጃውን ሳትነቀንቁ በስኮፑ እዩ፣ መስቀሉ ከክቡ ምን ያህል እንደራቀ ወዲያው ታውቃላችሁ። የስኮፑን ማስተካከያ ከማዞራችሁ በፊት ርቀቱ ብዙ ከሆነ ቁሙ፣ ክሊክ አትቁጠሩ፣ ቤዙን ፍቱ።

እኛ ሀገር አጎቴ ምንሽር ነበረው፣ ስኮፕ የለም ምን የለም፣ ማስተካከያው የፊተኛዋ ማነጣጠሪያ ናት። ጥይቱ ወደ ግራ ከሄደ ማነጣጠሪያዋንም ወደ ግራ በቀስታ መታ መታ ያረጋታል፣ ጥይቱ ወደሄደበት ነው የምትሄደው፣ ድንጋይ ላይ በከሰል ምልክት አርጎ አንድ ጥይት ይሞክርና ያበቃል። ልጅ ሆኜ ሳየው ቀላል ይመስለኝ ነበር፣ አሁን ሳስበው ሥራው ያው ይሄው ነው፣ አንዲት የብረት ቁራጭ በፀጉር ስፋት ማንቀሳቀስ።

ወደ ዕቃው ልመለስ። አዲስ ሪንግ ስገዛ የበሪስ ሲግኔቸር የሚባለውን ነው የገዛሁት፣ ውስጡ ፕላስቲክ መሰል ቀለበት አለው፣ ቀለበቱ ከውጭ በኩል ክብ ኳስ መሰል ስለሆነ ስኮፑ ሲገባ ራሱ ዞሮ ይስተካከላል። መፋቅ የለም፣ ቱቦውንም አይጭርም። እኔ ከዚህ በኋላ ፓስታውን የነካሁት አንዴ ለጓደኛዬ የድሮ ብረት ሪንግ ብቻ ነው። በጥሩ ማሽን የተሠራ ሪንግ ከገዛችሁም መፋቅ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። አንድ ነገር ብቻ፣ ቤዛችሁ ከሁለቱ የቤዝ ዓይነቶች ዊቨር ይሁን ፒካቲኒ እወቁ። የፒካቲኒ ስንጥቅ (ሪንጉ የሚገባበት አግድም ቦይ) ስፋቱ 0.206 ኢንች ነው፣ የዊቨር 0.180፣ ስለዚህ የዊቨር ሪንግ ፒካቲኒ ላይ ይቀመጣል፣ የፒካቲኒ ሪንግ ግን ዊቨር ላይ አይገባም። ስታስሩም ሪንጉን ወደ አፈሙዙ ገፍታችሁ ስንጥቁ ጫፍ ላይ አስደግፋችሁ ነው ብሎኑን የምታጠብቁት፣ አለዚያ ሲተኮስ ይንሸራተትና ቦታውን ይለውጣል።

ውሃ ልኮቹ ላይ ቅሬታ አለኝ። አንዱን መጀመሪያ ሪሲቨሩ (ቦልቱ የሚገባበት የጠመንጃው አካል) ላይ አስቀምጣችሁ ጠመንጃውን ታስተካክላላችሁ፣ አፈሙዙ ላይ ያለውን ከሱ ጋር ታገጣጥማላችሁ፣ ከዛ በኋላ ስኮፑ ላይ አስቀምጣችሁ መስቀሉ ቀጥ እንዲል ታደርጋላችሁ። ሀሳቡ ልክ ነው። ግን አረፋዎቹ በጣም ትናንሽ ናቸው፣ መሃል ያሉ መስለው ያሳስታሉ፣ ውሃ ልኩ የሚቀመጥበት የስኮፑ ማስተካከያ ክዳንም ሁልጊዜ ከመስቀሉ ጋር እኩል ላይሆን ይችላል። አባቴ ግንበኛ ነበር፣ ቤታችን ውስጥ ቱንቢ ሳይሰቀል የሚያድርበት ቀን አልነበረም፣ ስለዚህ እኔ ያረግኩት ምንድነው፣ ጓሮ ያለው አጥር ላይ ነጭ ሲባጎ ሰቅዬ ጫፉ ላይ ከባድ ዳዶ አሰርኩ፣ ጠመንጃውን ሪሲቨሩ ላይ ባለው ውሃ ልክ አስተካክዬ በስኮፑ ሲባጎውን አየሁ፣ የመስቀሉ ቋሚ መስመር ሲባጎው ላይ ሙሉ በሙሉ እስኪተኛ ድረስ ስኮፑን አዞርኩ። ሲባጎ አይዋሽም። ንፋስ ካለ ዳዶውን ባልዲ ውሃ ውስጥ ንከሩት፣ መወዛወዙን ያቆማል።

ስለ መዘንበሉ ግን አትጨነቁ፣ በአጭር ርቀት ብዙ ጉዳት የለውም። ጥይቱ ከወረደው ልክ ላይ ነው የሚታሰበው፣ የኔ 308 100 ያርድ ላይ ተስተካክሎ 300 ያርድ ላይ 14 ኢንች ያህል ይወርዳል፣ መስቀሉ 3 ዲግሪ ቢያዘነብል ወደ ጎን የሚስተው ሦስት ሩብ ኢንች ያህል ነው። ሩቅ ለሚተኩስ ግን ጥይቱ የሚወርደው ልክ ሲጨምር ስህተቱም አብሮ ይጨምራል። ትልቁ ችግር ሌላ ነው፣ የሪንጉን ክዳን ስታጠብቁ አንዱን ጎን ብቻ ካጠበቃችሁ ስኮፑን ይዞት ይዞራል፣ ያስተካከላችሁት ሁሉ ገደል ይገባል። ስለዚህ ግራ ሩብ ዙር፣ ቀኝ ሩብ ዙር፣ ፊት፣ ኋላ፣ በሁለቱም ጎን ያለው ክፍተት እኩል እንዲሆን እያያችሁ፣ በየመሃሉ ደሞ ሲባጎውን እዩት።

ስኮፑ ከዓይን ምን ያህል እንደሚርቅ ኪቱ አይነግራችሁም ግን ሲተኮስ ቅንድብ የሚያስፈነዳው እሱ ነው። ወደ 3 ኢንች ተኩል ያስፈልጋችኋል። የክረምት ጃኬታችሁን ለብሳችሁ ነው መለካት ያለባችሁ፣ በቲሸርት ከለካችሁ ጥቅምት ላይ ወፍራሙን ልብስ ስትለብሱ ሰደፉ ወደፊት ይገፋና ሁሉ ነገር ይለወጣል። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ጠመንጃውን ትከሻችሁ ላይ አርጉ፣ ክፈቱ፣ ሙሉ ክቡ ያለ ጥላ ከታየ ልክ ነው።

ቶርክ ካቻቢቴው፣ ከዚህ ሳጥን ውስጥ አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ እሱን ነው የምመርጠው። የሪንግ ክዳን ብሎን ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 18 ኢንች ፓውንድ ነው፣ ያ ማለት በእጅ ከለመድነው በጣም ያነሰ ነው፣ መጀመሪያ ቀጭ ሲል ምነው ገና አላጠበቅኩትም ነበር ያልኩት። ሰው በጉልበቱ ሲያጠብቅ ቱቦውን ይጨፈልቀዋል፣ ውስጡ ያለው የመስተዋት ማስተካከያ እንደልብ አይሠራም። ለቤዙ ብሎን ደሞ የቤዙ ወረቀት የሚለውን ቁጥር ተከተሉ፣ ከማሰራችሁ በፊት ቀዳዳውንም ብሎኑንም በአልኮል ጠርጉ፣ ሰማያዊውን የብሎን ማጣበቂያ አንዲት ጠብታ፣ ቀዩን በፍጹም። ክዳኑ ላይ ማጣበቂያ እኔ አላደርግም፣ ቅባት ስለሚሆን በዛው ቁጥር ከሚገባው በላይ ያጠብቃል።

አንድ ለመፈተሽ የሚጠቅም ነገር ጋሼ ያሳየኝ፣ ብሎን ካጠበቃችሁ በኋላ ቦልቱን መልሳችሁ ባዶውን ክፈቱ ዝጉ፣ የሚከብድ ወይም የሚነካ ነገር ካለ አንዱ ብሎን ረዝሞ ወደ ውስጥ ገብቷል። ከዛ አውራ ጣት ቤዙ ላይ። ሁለቱም አሥር ሰከንድ አይፈጁም።

ውጤቱን ልንገራችሁ። ትክክለኛውን አጭር ብሎን ገዛሁ (ከነፖስታው ጥቂት ዶላር ነው)፣ ቤዙን ጠርጌ አሰርኩ፣ በደልዳላው ጫፍ ፈተሽኩ፣ ብርሃን የለም፣ በአፈሙዙ ቀዳዳ አየሁ፣ የስኮፑን ማስተካከያ መሃሉ ላይ መልሼ ሜዳ ወጣሁ። 44 ክሊክ የነበረው 5 ክሊክ ሆነ። አምስት ጥይት፣ ከአንድ ኢንች ከሩብ ትንሽ ከፍ ያለ ስብስብ፣ ያው ጠመንጃ፣ ያው ስኮፕ፣ ያው የጥይት ካርቶን። እዛው ቁጭ ብዬ የኢላማውን ወረቀት ለረጅም ጊዜ አየሁት፣ ያ ኤልክ ትዝ አለኝ።

ስለዚህ ግዙ ወይስ አትግዙ ለምትሉኝ፣ ከአንድ በላይ ጠመንጃ ካላችሁ ወይ እንደኛ ጓደኛሞች ተዋጥታችሁ የምትጠቀሙበት ከሆነ ግዙ፣ ከአምስት ኮከብ ሦስት ተኩል እሰጠዋለሁ፣ የጎደለው አንድ ተኩል ኮከብ ስለ አጠቃቀም ወረቀቱና ስለ ውሃ ልኮቹ ነው። አንድ ጠመንጃ ብቻ ላለው ሰው ግን ቶርክ ካቻቢቴውን ለብቻው ይግዛ፣ ሲባጎና ዳዶ ቤት አለ፣ ዘንጎቹን ከሰው ይዋስ፣ ፓስታውን ይተወው። ሱቅ የምታሳስሩ ከሆነም ነውር የለውም፣ ብቻ ቆማችሁ እዩ፣ ቤዙን ጠርገው ይሁን፣ በቶርክ አጥብቀው ይሁን ጠይቁ፣ የከፈላችሁበት ነው።

ስጨርስ ባለቤቴ ቀይ የጥፍር ቀለሟን ሰጠችኝ፣ በእያንዳንዱ ብሎን ራስ ላይ ጀምሬ ቤዙ ድረስ የምትዘልቅ ቀጭን መስመር ቀባሁ፣ ብሎኑ ከተንቀሳቀሰ መስመሯ ትሰበራለች። ከዛ ወዲህ ከ100 በላይ ጥይት ተኩሻለሁ፣ ትናንት ማታ ጋራዥ ውስጥ በመብራት አንድ በአንድ አየኋቸው፣ አንዷም አልተሰበረችም፣ ቅዳሜ ከሁለቱ ልጆች ጋር ወደ ዋይት ሪቨር እንወጣለን።